ከድንጋይ ወደሚሞላ ባትሪ

በአገራችን አነጋገር «ባትሪ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የእጅ መብራቱ ነው፤ በውስጡ የሚገባው ደግሞ «ድንጋይ» ይባላል። ስያሜው ያለ ነገር አልወጣለትም ያሰኛል፤ ድንጋይ ሲያልቅ ይጣላል እንጂ አይሞላምና። የደከመውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ እንደገና መሞከር በየቤቱ የታወቀ ብልሃት ነበር። ሙቀቱ በውስጡ ያለውን ኬሚካዊ ሥራ ለጥቂት ጊዜ ያፋጥነዋል፤ የተበላውን ዚንክ ግን አይመልስም። በሬዲዮ የሚታዘዙ ትንንሽ የመጫወቻ ተሽከርካሪዎች ታሪክም በአመዛኙ ከዚህ ድንጋይ የመላቀቅ ታሪክ ነው።

የሚያስገርመው፣ ነገሩ የተጀመረው በድንጋይ አለመሆኑ ነው። ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1898 በኒው ዮርክ፣ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ፣ ያለ ሽቦ የምትታዘዝ ትንሽ ጀልባ ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ ሞተሯን ያንቀሳቅስ የነበረው የሚሞላ ባትሪ ነበር። ይሁን እንጂ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የሠራው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ፣ ጀልባ ሊሸከመው ቢችልም፣ በመዳፍ ለሚያዝ አውቶሞቢል ክብደቱ የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ ትንንሾቹ መጫወቻዎች በየሱቁ ወደሚገኘው ርካሽ ድንጋይ ዞሩ።

የድንጋይ ጉድለት የሚታወቀው ዳገት ላይ ነው። ከየካ ሚካኤል ወደ ተራራው የሚያወጣው መንገድ ለምሳሌ ይወሰድ። ሜዳ ላይ በጥቂት ኮረንቲ ይሮጥ የነበረው መጫወቻ ዳገቱን ሲጀምር ሞተሩ ብዙ እጥፍ ይጠይቃል። ድንጋዩ ኮረንቲውን እንደ ልብ አያሳልፍም፤ የሚሰጠው በጨመረ መጠን ቮልቱ ይወርዳል። ሞተሩና ትእዛዝ ተቀባዩ ሬዲዮ በአንድ ድንጋይ የሚሠሩ ከሆነም ቮልቱ ሲወርድ ሬዲዮው መስማት ያቆማል። ያን ጊዜ ተሽከርካሪው ጉልበቱን ብቻ ሳይሆን ታዛዥነቱንም ያጣል፤ ይህም ለባለቤቱ ከመቆም የከፋ ነው።

መፍትሔው የተገኘው ስዊድናዊው ቫልደማር ዩንግነር እ.ኤ.አ. በ1899 ከፈለሰፈው የኒኬልና የካድሚየም ባትሪ ነው። ታሽጎ የሚሠራው ዓይነት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከወጣ ወዲህ፣ መጠኑ አንሶ ኮረንቲን በብዛት የሚለቅ የሚሞላ ባትሪ በመጫወቻ ውስጥ ለመግባት በቃ። የጃፓኑ ታሚያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 የፖርሽ 934 አውቶሞቢልን ከእውነተኛው 12 ጊዜ አሳንሶ በሬዲዮ እንዲነዳ አድርጎ ለገበያ አቀረበ። በተከታዮቹ ዓመታት ስድስት ባትሪዎችን በተርታ ያያያዘው የ7.2 ቮልት ጥቅል የዚህ ጨዋታ መደበኛ ስንቅ ሆነ።

ለውጡ መጀመሪያ ላይ ወደ ኋላ መመለስ ይመስል ነበር። አንድ አዲስ ድንጋይ 1.5 ቮልት ሲኖረው የኒኬልና የካድሚየሙ 1.2 ብቻ ነው፤ አራቱ በአንድነት 6 ቮልት ይሰጡ በነበረበት ቦታ 4.8 ይሆናል። ልዩነቱ የሚገለጠው ሥራ ሲበዛ ነው፤ ትንሹ ቮልት ዳገቱ ላይ ይጸናል፣ ትልቁ ይወድቃል።

ዋናው ችግር ግን ከባትሪው ውጭ ነበር። ድንጋይ በጥቂት በጥቂቱ የሚከፈል ዕዳ ነው፤ የሚሞላው ባትሪ ገንዘቡን አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ከባትሪው ጋር መሙያውን፣ ከመሙያው ጋር ሶኬቱን። መብራት ባልገባበት አካባቢ የድንጋይ ዘመን መራዘሙ ካለማወቅ የመጣ አልነበረም፤ ሶኬት በሌለበት የሚሞላው ባትሪ ራሱ የሚጣል ዕቃ ነውና። መብራት በገባበትም ቢሆን ሥራው ትዕግሥት ይፈልግ ነበር። 500 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በ50 ሚሊአምፔር ለ14 ሰዓት ያህል እንዲሞላ ይመከር ነበር፤ ሰዓቱን የሚቆጥረውም ባለቤቱ ነው። ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመለስ ቆጠራው ይፋለሳል። ከልክ በላይ የተሞላ ይሞቃል፣ ዕድሜውም ያጥራል፤ በተርታ ከተያያዙት ቀድሞ የተሟጠጠው ደግሞ ሌሎቹ ኮረንቲ ሲገፉበት ዋልታው ተገልብጦ ይበላሻል። ድንጋይ ከገዢው ምንም ዕውቀት አይጠይቅም ነበር።

ካድሚየም መርዛም በመሆኑ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ደንብ በአነስተኛ ባትሪዎች ውስጥ አገልግሎቱን ገደበ። በቦታው የኒኬል ሃይድራይድ፣ ቀጥሎም ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ያቀረበው የሊቲየም ባትሪ ገቡ። ሊቲየሙ በቀላል ክብደት ብዙ ኀይል ይይዛል፤ ያለ ልኩ የሞላውን ሰው ግን በእሳት ይቀጣል። ስለዚህም ቆጠራው ከሰው እጅ ወጥቶ ወደ መሙያው ገባ።

በሬዲዮ ከሚታዘዝ መጫወቻ ወደ ሳተላይት ያለው ርቀት እንደሚመስለው ሩቅ አይደለም፤ ሁለቱም መቀበያ፣ ትእዛዝ ፈጻሚ ክፍልና ባትሪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1957 የመጠቀችው ስፑትኒክ የያዘችው የማይሞላ ባትሪ ስለነበር ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ድምፅዋ ጠፋ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችውና ትእዛዝ ከእንጦጦ ጣቢያ እንዲላክላት የተዘጋጀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ግን ኀይሏን ከፀሐይ ትሞላ ነበር። ከምድር 600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚዞር እንዲህ ያለ አካል በቀን 15 ጊዜ ያህል ምድርን ስለሚዞር፣ በየዙሩ ከብርሃን ወደ ጥላ ይገባል፤ በብርሃን የሞላውን በጥላ ይመነዝራል። በዚያ ከፍታ ድንጋይ የሚቀይር ሰው የለም።

ቀጥሎ የመጣው በመንገድ ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ የመጫወቻው ሥርዓት ለሰው መጓጓዣ ዋለ። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የየካን ዳገት ሲወጣ ከባትሪው ይበላል፤ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ የበላውን በከፊል ወደ ባትሪው ይመልሳል።