የአድዋ ልብስ አጣቢዎች፣ እንዶድ እና የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ

በገሱባና በአካባቢው ያላችሁ፣ ልጆቻችሁ ወንዝ ዳር የሚውሉባችሁ ወላጆች፣ የዛሬው ታሪክ እናንተን በቀጥታ ይመለከታል።

በወላይታ የሚታወቀው የቢልሃርዚያ ዓይነት አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳው ነው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይተላለፍም፤ በመካከል አንዲት ትንሽ የውሃ ቀንድ አውጣ አለች። የታመመ ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል በጎርፍ ታጥቦ ወንዝ ይገባል፣ ይፈለፈላል፣ ከዚያም ቀንድ አውጣዋ ውስጥ ገብቶ ለሳምንታት ይራባል። በመጨረሻም በዓይን የማይታዩ በርካታ እጮች ወደ ውሃው ይወጣሉ። ለመዋኘት፣ ለማጠብ ወይም ውሃ ለመቅዳት የገባውን ሰው ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስረው ይገባሉ።

ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ ትሉን ካይሮ ውስጥ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ነበር። የቀንድ አውጣዋ ድርሻ እስኪታወቅ ግን ከ60 ዓመት በላይ ፈጅቷል። ይህ ከታወቀ በኋላ ጥያቄው አንድ ሆነ፦ ቀንድ አውጣዋን በምን እናጥፋት? ከውጭ የሚመጣው ኬሚካል ለድሃ አገር ውድ ነበር።

መልሱ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ተገኘ። ወጣቱ ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ በሽታው ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ደረሱ። ከማጠቢያው በታች በርካታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ፤ ከማጠቢያው በላይ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ወዳሉበት ዕቃ ሲጨመር ወዲያው ሞቱ። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ የሚያነጡበት ፍሬ የበሽታውን ድልድይ የሚሰብር ሆኖ ተገኘ።

እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 አድዋ ከተማ ውስጥ በእንዶድ ቀንድ አውጣዎችን የመቆጣጠር ሙከራ ተካሄደ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ሆኖም የእንዶድ ደኅንነት በዓለም አቀፍ ደረጃ በተሟላ ጥናት ይረጋገጥ ስለተባለ ዓመታት አለፉ። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በዶክተር አክሊሉ ስም ይጠራል።

ታዲያ ለምን እንዶድ ወንዝ ውስጥ እየጨመርን በሽታውን አንገላገልም? ሦስት ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ እንዶድ የቀንድ አውጣዋን እንቁላል አይገድልም፤ ኃይሉም ውሃ ውስጥ ቶሎ ይጠፋል። ስለዚህ በባለሙያ እየታየ መደጋገም ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ ዓሣንም ይገድላል። ለዓሣ ኩሬም ሆነ ቤት ውስጥ ላለ አኳሪየም ፈጽሞ አይሆንም። ሦስተኛ፣ ቀንድ አውጣዋ ብትጠፋም ትሉ በታመመው ሰው ሆድ ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። ሜዳ ላይ መጸዳዳት እስካልቀረ ድረስ ሌሎች ቀንድ አውጣዎች ሲመጡ ዑደቱ እንደገና ይጀምራል።

ወላይታ ውስጥ የተጀመረው የ«ገሺያሮ» ፕሮጀክት መድኃኒትን፣ ንጹሕ ውሃንና የግልና የአካባቢ ንጽሕናን አንድ ላይ ያስኬደውም ለዚህ ነው። ስሙ ራሱ በወላይትኛ ንጽሕና ማለት ነው።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

✅ መጸዳጃ ቤት ተጠቀሙ፤ ልጆችንም አስለምዱ።
✅ የወንዝ ውሃ ለገላ መታጠቢያ ከሆነ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት፤ ወይም ቀንድ አውጣ በሌለበት ንጹሕ ዕቃ ከ2 ቀን በላይ አቆዩት።
✅ የፕራዚኳንቴል ዕደላ ሲመጣ ልጆቻችሁን አታስቀሩ።
✅ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠት ወይም የሆድ ማበጥ ከታየ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የሰገራ ምርመራ አድርጉ።
❌ እንዶድ ለኮሶም ሆነ ለሌላ በሽታ ብላችሁ አትጠጡ፤ መርዛማ ነው፤ ሊገድልም ይችላል።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ቢልሃርዚያም እንዲሁ ነው፤ ልጁ ዛሬ ወንዝ ውስጥ እየሳቀ ይቦርቃል፣ ጉበቱ ግን ከዓመታት በኋላ ይጎዳል። ይህን ጽሑፍ ወንዝ ዳር ልጅ ላላቸው ሁሉ አጋሩ።