የሞተር ጀልባ እሽቅድምድም ሕግ እንዴት እንደ ተወለደ

በአገራችን የቆየ ልማድ፥ «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ባለበት ይቆም ነበር። ባሕር ግን ከጠረፍ ከራቁ በኋላ የማንም ርስት አይደለችም፤ ዳኛ የሚቀመጥበት ዛፍ፥ ወሰን የሚለይ ድንጋይ የላትም። እንግዲህ የልዩ ልዩ አገር ሰዎች በዚያ ላይ በሞተር ጀልባ ሲሽቀዳደሙ «እኔ ቀደምሁ» ለሚለው ማን ይመሰክርለታል? የዓለም አሸናፊ የሚለውንስ ማዕረግ ማን ይሰጠዋል? እኛም የታሪክ ተማሪዎች እንደ መሆናችን ይህን ጥያቄ ይዘን የዚህን ስፖርት ታሪክ ልንመረምር ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልን።

ነገሩ የጀመረው በ1903 ዓ.ም. ነው። የእንግሊዙ የጋዜጣ ባለቤት አልፍሬድ ሃርምስዎርዝ ለሞተር ጀልባ የሚሆን ዋንጫ አቆመ። ውድድሩ የሰው ከሰው ሳይሆን የአገር ከአገር እንዲሆን ፈለገ፤ ስለዚህም ጀልባይቱ ከ40 ጫማ እንዳትረዝም፥ ደግሞም በምትወክለው አገር የተሠራች እንድትሆን ሕግ ተደነገገ። የመጀመሪያው ውድድር በዚያው ዓመት በአየርላንድ በኮርክ ወደብ ተደረገ፤ ያሸነፈችውም የኤስ. ኤፍ. ኤጅ ጀልባ ናት። ፍጥነቷ በሰዓት 31 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በዚህ ድል ዘወትር የምትጠቀሰው ዶሮቲ ሌቪት የምትባል ሴት ስትሆን፥ በዋንጫው ላይ የተቀረጸው ግን የባለንብረቱ የኤጅ ስም ነው።

በ1908 ዓ.ም. የለንደን ኦሊምፒክ ሲደረግ የሞተር ጀልባም ገብታ ነበር። ነፋሱና ማዕበሉ ስለ በረታ ከሦስቱ ውድድሮች በእያንዳንዱ እስከ መጨረሻው የደረሰችው አንዲት ጀልባ ብቻ ናት። ከዚያ ወዲህ የሞተር ጀልባ ወደ ኦሊምፒክ አልተመለሰችም። እንግዲህ ስፖርቱ የራሱ ሸንጎ ያስፈልገው ነበርና በ1922 ዓ.ም. በቤልጂክ ዓለም አቀፍ የሞተር ጀልባ ማኅበር ተቋቋመ። ዛሬ መቀመጫው በሞናኮ የሆነው ይህ ማኅበር የጀልባዎችን ክፍል ይለያል፤ የውድድር ሕግ ያወጣል፤ የዓለም ማዕረግንም ያጸድቃል።

ሕግ ቢጻፍም ክርክር አልቀረም። በ1931 ዓ.ም. በአሜሪካ በዲትሮይት ወንዝ የሃርምስዎርዝ ዋንጫ ውድድር ሲደረግ፥ እንግሊዛዊው ኬይ ዶን የመጀመሪያውን ዙር አሸነፈ። በሁለተኛው ዙር አሜሪካዊው ጋር ዉድ የመነሻውን መስመር ከጊዜው አስቀድሞ አለፈ፤ ዶንም ተከትሎት አለፈ። ሕጉ ከመነሻው ምልክት ከአምስት ሰከንድ በላይ የቀደመ ሁሉ ይሰረዛል ይላልና ሁለቱም ተሰረዙ። የዶን ጀልባ ደግሞ በመታጠፊያው ላይ ተገለበጠች፤ እርሱ ግን ተረፈ። ዋንጫው በጊዜው ለተነሣው ለጋር ዉድ ወንድም ለጆርጅ ሆነ። ይህ ተንኰል ነው ወይስ ስሕተት? ሰዎች ብዙ ተከራክረውበታል። እኛ ግን ከዚህ የምንማረው ሌላ ነው፤ ሕጉ ለአገሬው ሰውና ለእንግዳው አላዳላም፤ ዳኞቹ በራሳቸው ወንዝ ላይ የራሳቸውን ጀግና ሰርዘዋልና።

እስከዚህ የተነገረው በወንዝና በወደብ ስለሚደረገው ነው። በክፍት ባሕር የሚደረገው እሽቅድምድም የበረታው ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ነው፤ በዚያ ዓመት ጀልባዎች ከማያሚ ተነሥተው ወደ ባሃማስ ደሴቶች፥ ወደ ናሳው ተሽቀዳደሙ። በ1960 ዓ.ም. በዚሁ ጉዞ ዲክ በርትራም ሬይ ሃንት በነደፋት «ሞፒ» በተባለች ጀልባ በስምንት ሰዓት ደረሰ፤ ሁለተኛይቱ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስትደርስ፥ የቀሩት በማግሥቱ ደረሱ። ምሥጢሩ የጀልባይቱ ሆድ ነበር። ሆዷ ጠፍጣፋ የሆነ ጀልባ ማዕበሉን በጥፊ እንደሚመታ ሰው ሲሆን፥ ሆዷ እንደ ማረሻ የሾለው ግን ማዕበሉን ትሰነጥቀዋለች። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ ከካውስ እስከ ቶርኪ የሚደረገው ውድድር ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው አሸናፊ ቶሚ ሶፕዊዝ ነው።

ውድድሩ በየአገሩ ሲበዛ «ከሁሉ የሚበልጠው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። በ1964 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ውድድር የተገኘውን ነጥብ ደምሮ የዓለም አሸናፊ መሰየም ተጀመረ፤ ዋንጫውም በ1963 ዓ.ም. ላረፈው ለሳም ግሪፊዝ መታሰቢያ ሆነ። የመጀመሪያው ባለማዕረግ ጂም ዊን ነበር። በ1977 ዓ.ም. ማዕረጉ በአንድ ስፍራ፥ በኪ ዌስት፥ ሲወሰን አሜሪካዊቱ ቤቲ ኩክ አሸነፈች። በዶሮቲ ሌቪት ዘመን ለባለንብረቱ የተሰጠው ስም ከ74 ዓመት በኋላ መሪውን ለያዘችው ሴት ሆነ።

ነገር ግን ከማዕረጉ ጀርባ ሐዘንም አለ። በ1987 ዓ.ም. በዋይት ደሴት አጠገብ የነዳጅ መርከብ ያስነሣው ማዕበል የፈረንሳዊውን የዲዲዬ ፒሮኒን ጀልባ ገለበጣት፤ እርሱና ሁለት ባልደረቦቹ ሞቱ። የ1989 ዓ.ም. የዓለም አሸናፊ ስቴፋኖ ካዚራጊም ማዕረጉን ሊጠብቅ በተሰለፈበት በጥቅምት 3 ቀን 1990 ዓ.ም. በሞናኮ ባሕር ሞተ፤ አብሮት የነበረው ግን ተረፈ። በዚያ ፍጥነት ውሃ እንደ ድንጋይ ይመታልና። ከዚህ በኋላ ሕጉ ጠበቀ፤ ነጂዎቹ በቀበቶ እንዲታሰሩ፥ መቀመጫቸውም በጠንካራ ክዳን እንዲዘጋ ሆነ። ጀልባ ቢገለበጥ ከውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚወጡም አስቀድመው ይፈተናሉ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ሕጉ ለሞቱት አልደረሰላቸውም፤ ከእነርሱ በኋላ ለሚመጡት ግን ደርሷል። እንዲህ ከሆነ የዓለም አሸናፊ የሚባለው ከሁሉ የፈጠነው ብቻ አይደለም፤ ሁሉም በተስማሙበት ሕግ ሥር ሆኖ የቀደመው ነው። ሕግ የሌለበት ፍጥነት ድል አያሰጥም፤ ቢያሰጥም የሚያምነው አይገኝም። እኛም በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ፈጽመን በየሥራው ስንሰማራ፥ አንዳንዶቻችን ሕግ ጠባቂዎች፥ አንዳንዶቻችንም ሕግ አውጪዎች እንሆን ይሆናል። ያን ጊዜ ሞት እስኪያስተምረን ሳንጠብቅ፥ ጅቡ ሳይመጣ በፊት እንድንጮኽ ይገባናል።