ከመርከብ እስከ ማረፊያ ቤት
በካናዳ ከተሞች ለሚኖሩ ኢኑይት የተሰጠው ዕርዳታ ታሪክ

በትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መጽሐፍ «እስኪሞ» በሚል ስም የተዋወቅናቸውና ከበረዶ ቤት ሥዕል ጋር በአእምሯችን የቀሩት ሕዝቦች ራሳቸውን የሚጠሩት ኢኑይት ብለው ነው፤ ትርጓሜውም «ሰዎች» ማለት ነው። በካናዳ በ2021 በተደረገው ቆጠራ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቁጥራቸው 70,545 ሆኖ ሲገኝ፣ ከመቶ 31 ያህሉ ከሰሜኑ አገራቸው ውጭ ይኖሩ ነበር። በመናገሻ ከተማዪቱ በኦታዋና በአጎራባችዋ በጋቲኖ የተቆጠሩት 1,730 ናቸው። ይህ አኃዝ ግን ሲያከራክር ኖሯል፤ በ2017 ይፋ የሆነ የጤና ጥናት በኦታዋ ብቻ ከ3,000 የሚበልጡ ዐዋቂዎች እንደሚኖሩ ገምቷል። ከዘመድ ቤት ወደ ዘመድ ቤት እየተዘዋወረ የሚያድር ሰው በቆጣሪ ወረቀት ላይ እንደማይገኝ ለሙያ ባልደረቦቼ ማስረዳት አያሻኝም።

እነዚህ ሰዎች ወደ ደቡብ ከተሞች የመጡት ሥራና ትምህርት ፍለጋ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ አይጠፋም። አስቀድመው በብዛት የመጡት ግን ሕመምተኞች ናቸው፤ የመጡትም ተጭነው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሳምባ ነቀርሳ በሰሜን ምድር እጅግ በተስፋፋ ጊዜ፣ የካናዳ መንግሥት ሆስፒታሉን ወደ ሕዝቡ ከመውሰድ ይልቅ ሕዝቡን ወደ ሆስፒታሉ ማምጣትን መረጠ። «ሲ. ዲ. ሃው» የተባለችው የመንግሥት መርከብ ከ1950 እስከ 1969 ድረስ በየዓመቱ በረዶው በሚቀልጥበት ወራት በምሥራቁ የአርክቲክ ጠረፍ እየዞረች፣ ነዋሪውን ወደ ላይ እያወጣች በራጅ ትመረምር ነበር። በሽታው የተገኘበት ሰው ብዙ ጊዜ ወደ የብስ ተመልሶ ልጆቹን ለጎረቤት አደራ ለመስጠት ወይም ልብሱን ለመያዝ እንኳ አይፈቀድለትም። እናቲቱ በመርከቧ ላይ ቀርታ ሕፃኑ ወደ ጠረፉ ይመለሳል፤ ወይም ሕፃኑ ይወሰድና እናቲቱ በባሕሩ ዳር ቆማ ትቀራለች።

በ1956 ከሰባት ኢኑይት አንዱ ያህል በደቡብ ሆስፒታሎች ተኝቶ ነበር፤ ቆይታውም ባማካይ ከሁለት ዓመት ይበልጣል። በሃሚልተን ከተማ የነበረው «ማውንተን ሳናቶሪየም» በእነዚያ ዓመታት ከ1,200 የሚበልጡ ኢኑይትን ተቀብሏል። በሰሜን ካለ ከየትኛውም መንደር ይልቅ ብዙ ኢኑይት በአንድ ስፍራ ተሰብስበው የተገኙት በዚህ ሆስፒታል ነበር ይባላል። ብዙዎች ድነው ተመልሰዋልና የሐኪሙን ድካም መካድ አይገባም። ነገር ግን አስተርጓሚ ጥቂት ነበር፤ ልጆች ቋንቋቸውን ረስተው ወደ ወላጆቻቸው ተመልሰው ከእናታቸው ጋር መነጋገር ተሳናቸው። የሞቱት በየከተማው መቃብር ሲቀበሩ፣ ቤተ ዘመድ ስለ መሞታቸውም ሆነ ስለ መቃብራቸው ሳይነገረው የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው። እርግጥ የምሥራቁ ኢኑይት፣ እንደ እኛው ፊደል እያንዳንዱ ምልክት አንድ ክፍለ ቃል በሚወክልበት ጽሕፈት ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር፤ ደብዳቤው ግን መርከብ ወይም አውሮፕላን እስኪገኝ መጠበቅ ነበረበት።

በዚህ ላይ የስም ጉዳይ አለ። ኢኑይት እንደ እኛ ሁሉ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር አልነበራቸውም። በባዕድ አገር ጽሕፈት ቤት የአባቱ ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎበት የተጉላላ አንባቢ ይህ ምን እንደሚያስከትል ያውቀዋል። የካናዳ መንግሥት ግን ከ1941 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሰው በአንገት የሚንጠለጠል ቁጥር ያለበት ክብ ምልክት አደለ። ከ1968 እስከ 1971 ደግሞ አብ ኦክፒክ የተባለው ኢኑክ በየመንደሩ እየዞረ የቤተሰብ ስም መዘገበ። ስለዚህም አንዱ ሰው በመርከቧ መዝገብ ቁጥር፣ በሆስፒታሉ መዝገብ የተጣመመ ስም፣ በኋላም ሌላ ሦስተኛ ስም ኖረው። ሟችን መፈለግ ለምን ሃምሳና ስድሳ ዓመት እንደ ፈጀ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሕጉም የራሱን ክፍተት ፈጥሯል። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1939 ኢኑይት በፌዴራሉ መንግሥት ኃላፊነት ሥር እንደሆኑ ወሰነ፤ በ1951 የወጣው የኢንዲያኖች ሕግ ግን ኢኑይትን በግልጽ ከውስጡ አስወጣ። በተግባር የፌዴራሉ አገልግሎት በሰሜን ምድር የተወሰነ ሆነ። ከሆስፒታል የወጣ፣ ወይም ከተማ የቀረ ኢኑክ በማን በር ይቁም? በእኔ አስተያየት የችግሩ ሁሉ ሥር ይህ ነው፤ ዕርዳታው የታሰረው ከመሬቱ ጋር ስለ ነበር ሰውየው ከመሬቱ ሲለይ ዕርዳታውም ተለየው።

መልሱን የሰጡት ራሳቸው ኢኑይት ናቸው። በ1971 የተመሠረተው ብሔራዊ ማኅበራቸው፣ «ኢኑይት ታፒሪሳት»፣ ጽሕፈት ቤቱን በኦታዋ አደረገ፤ ሠራተኛና ተማሪም ወደዚያው ተሳበ። በ1987 «ቱንጋሱቪንጋት ኢኑይት» የተባለ ድርጅት በከተማዪቱ ተቋቋመ፤ ስሙ እንግዳ በደስታ የሚስተናገድበት ስፍራ እንደ ማለት ነው። ቤት ለሚፈልግ ቤት ማፈላለግ፣ በቋንቋው ማማከር፣ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት አብሮ መሄድ ሥራው ሆነ። በ2003 ደግሞ «ማሚሳርቪክ» የተባለ የሱስ ማገገሚያ ከፈተ።

ስለ ማዕዱ ሳልናገር ባልፍ ጽሑፌ ይጎድላል። ድርጅቱ ሰው የሚሰበሰብበትን የጋራ ግብር ያዘጋጃል፤ በዚያም ካሪቡ የተባለው አጋዘን፣ ሲል የተባለው የባሕር እንስሳ፣ በበረዶ የደረቀ ዓሣ በጥሬው ተቆርጦ ይበላል። የምዕራባውያን ጸሐፊዎች ጥሬ ሥጋ መብላታቸውን እንደ አረመኔነት ጽፈውት ነበር። የበዓል ቀን ጥሬ ሥጋ በክብር የሚቆረጥበት አገር ሰው ግን ነገሩን ሌላ አያስረዳውም። በማመልከቻ ቅጽ ተጠይቆ የማይናገረውን ሰው በዚህ ማዕድ ዙሪያ ይናገራል፤ ሠራተኛውም ማን ታሞ እንደ መጣ፣ ማን ከቤት እንደ ተባረረ የሚሰማው እዚያ ነው።

ሕመምተኛ ማመላለሱ ዛሬም አልቆመም። ኑናቩትን ከደቡብ ጋር የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም፤ ከኢቃሉይት ወደ ኦታዋ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል በአውሮፕላን ይኬዳል። የባፊን አካባቢ ሕመምተኞች በኦታዋ «ላርጋ ባፊን» በተባለው ማረፊያ ቤት፣ የሰሜን ኩቤክ ሰዎች በሞንትሪያል አጠገብ በዶርቫል በ2016 መጨረሻ በተከፈተው «ኡሊቪክ» ያርፋሉ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ አስተርጓሚ አለ፣ የሚመለሱበትም ቀን ይታወቃል። ሆኖም በ2022 በኡሊቪክ አርፈው የነበሩ ሁለት ወጣት ሴቶች በአካባቢው ባሉ አውራ ጎዳናዎች ላይ በመኪና ተገጭተው ሞቱ። ሕንፃው በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ መሠራቱ ለጉዞ ምቹ ነው፤ በእግር ለሚወጣ እንግዳ ግን ዙሪያው ፈጣን መንገድ ነው።

በመጋቢት 2019 ጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶ ወደ ኢቃሉይት ሄደው በሳምባ ነቀርሳው ዘመን ስለ ተፈጸመው በደል በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። በዚያው ቀን «ናኒላቩት»፣ ማለትም «እንፈልጋቸው»፣ የተባለው ሥራ ይፋ ሆነ። ቤተሰቡ የሚያውቀውን ስም፣ የአንገቱን ቁጥርና የተወሰደበትን ዓመት ያቀርባል፤ መዝገብ ጠባቂዎቹም ከሆስፒታልና ከመቃብር ዝርዝሮች ጋር ያመሳክሩታል። በሃሚልተን ዉድላንድ መካነ መቃብር ከተቀበሩት መካከል ሲ. ዲ. ሃው ያመጣቻቸው ይገኙበታል፤ መቃብራቸውን የሚጠይቁት ልጆቻቸውም ዛሬ ራሳቸው አረጋውያን ናቸው።