የ«ዱልዋይክ» መርከብ መያዝ፤ 1888 ዓ. ም.

የዓድዋ ጦርነት ሲነገር የሚወሳው ተራራውና ሸለቆው ነው። በዱርቤቴና በጣና ዳር ላደግን ሰዎችማ ከታንኳ ያለፈ የመርከብ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ይመስለናል። ዳሩ ግን ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር የዘመተው የጎጃም ሠራዊት የተሸከመው ጠመንጃ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነበር። ጦርነቱም በባሕር ላይ አንድ ምዕራፍ አለው፤ የተፈጸመውም ከድሉ በኋላ በአምስተኛው ወር ነው።

ነሐሴ 3 ቀን 1888 ዓ. ም. «ኤትና» የተባለችው የኢጣልያ የጦር መርከብ «ዱልዋይክ» የምትባለውን የሆላንድ የንግድ መርከብ በቀይ ባሕር ላይ አስቁማ ያዘች። ጭነቷ የጦር መሣሪያ፣ መድረሻዋም ጅቡቲ ነበር። ሆላንድ በጦርነቱ ገለልተኛ ነበረች፤ ጅቡቲም በዚያን ጊዜ የፈረንሳይ እንጂ የኢትዮጵያ ወደብ አልነበረም።

ተዋጊ መንግሥት የገለልተኛን የንግድ መርከብ አስቁሞ መፈተሽ እንዲችል የቈየ ልማድ ይፈቅዳል። በ1848 ዓ. ም. የወጣው የፓሪስ መግለጫ የገለልተኛ ባንዲራ የጠላትን ዕቃ እንዲጠብቅ ሲደነግግ፣ የጦርነት ኮንትሮባንድን ግን ለይቶ አስቀርቷል። አከራካሪው መድረሻው ነው። አሜሪካኖች በእርስ በእርስ ጦርነታቸው ጊዜ፣ መርከቢቱ ገለልተኛ ወደብ ብትገባም ጭነቱ ከዚያ ወደ ጠላት የሚያልፍ ከሆነ ጉዞው አንድ ነው ብለው ፈርደው ነበር። ኢጣልያም የያዘችው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ኢጣልያ በ1881 ዓ. ም. የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ሳቢያ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ስትል ቈይታለች። ነገር ግን የሆላንድን መርከብ በባሕር ላይ ለመያዝ የሚቻለው በጦርነት ሕግ ነው፤ የጦርነት ሕግ ደግሞ ሁለት ተዋጊዎች ይፈልጋል። እንግዲህ «ኤትና» ያን ቀን የሠራችው ሥራ ኢትዮጵያ ተዋጊ መንግሥት ለመሆኗ ምስክር ነው፤ የሮማ ዲፕሎማቶች ይህን አስበውት እንደ ሆነ እንጃ።

በዚያ ወራት ከአንድ ሺህ በላይ የሆኑ የኢጣልያ ምርኮኞች በዐፄ ምኒልክ እጅ ነበሩ። የሮማው ሊቀ ጳጳስ ሊዮን 13ኛ እንዲለቀቁ የሚለምን መልእክተኛ ወደ አዲስ አበባ ልከው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1889 ዓ. ም. በጻፉት መልስ፣ ምርኮኞቹን ለመስጠት አስበው እንደ ነበረ፣ የኢጣልያ መንግሥት ያላሰቡትን አድራጎት በማድረጉ ግን ያላቸውን ብቸኛ የሰላም መያዣ ለመልቀቅ እንደማይችሉ ገለጹ። በጸሐፊው አስተያየት የመርከቢቱ መያዝ ከዚህ አድራጎት ዋነኛው ነው። እንግዲህ ልጇን በናፍቆት የምትጠብቅ የኢጣልያ እናት የዚያን ጠመንጃ ዋጋ ከፍላለች ማለት ነው።

ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ. ም. የሰላም ውል በአዲስ አበባ ተፈረመ፤ የውጫሌም ውል ተሻረ። በኅዳር ወር የሮማው የምርኮ መርከቦች ዳኞች ጉባኤ ጉዳዩን ተመልክቶ፣ የጦርነት ሁኔታ ስለ ነበረ መርከቢቱ መያዟ በሕግ ነው፣ ነገር ግን ሰላም ስለ ወረደ አትወረስም ብሎ ፈረደ።

ይህ ፍርድ ሌሎችን አገሮችም ነካ። በታኅሣሥ 1892 ዓ. ም. እንግሊዞች ከቦዌሮች ጋር ሲዋጉ «ቡንደስራት» የተባለችውን የጀርመን መርከብ ያዙ፤ ወደብ የሌላት ትራንስቫል መሣሪያ የምታገኘው በፖርቱጋል ወደብ በኩል ነው በማለት። ፈትሸው ምንም ስላላገኙ ለቀቋት። በ1901 ዓ. ም. የወጣው የሎንዶን መግለጫ 36ኛ አንቀጽ ደግሞ ከዚህ አለፈ፤ እንደ እህል ያለው ለጦርም ለሰላምም የሚያገለግል ዕቃ ወደ ገለልተኛ ወደብ ሲሄድ እንዳይነካ ከደነገገ በኋላ፣ ለጠላት ጦር የሚሄድ ከሆነና ጠላት የባሕር ዳርቻ የሌለው አገር ከሆነ ግን ይያዝ አለ። ባሕር ያለው አገር እህሉ በጎረቤቱ ወደብ በኩል በሰላም ሲገባለት፣ በዚያን ጊዜ ወደብ ላልነበራት ለኢትዮጵያ ይህ በር ዝግ ነበር። ይሁን እንጂ መግለጫው በመንግሥታቱ ሳይጸድቅ ቀረ።