ሰዓቱን የሚጠብቁ መነኮሳት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሰው ሲመነኩስ አስቀድሞ «ይሞታል»። መሬት ላይ ተጋድሞ ጸሎተ ፍትሐት ይደገምለታል፤ የሚነሣው ሌላ ስም ይዞ ነው። ወሎን ጨምሮ በብዙ ቦታ ይህ የገዳም ወጣት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ፣ የትዳር ጓደኛቸውን የቀበሩ አዛውንት «ቆብ ጫኑ» ሲባል ጎረቤት አይደነግጥም። ዕድሜ ፊቱን ሲያዞር ምን ይደረጋል ለሚለው ጥያቄ አገሩ ያዘጋጀው መልስ ነው።

ይህ ልማድ ትምህርት ቤት ከሆነባቸው ቦታዎች አንዱ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ ሐይቅ ውኃ በገባች ምድር ላይ የሚገኘው ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ጥንታዊ መሆኑን ትውፊቱ ቢናገርም፣ ገዳሙን ገዳም ያደረጉት አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። ትውልዳቸው ዳኅና ነው። በሠላሳ ዓመታቸው ገደማ ቤተሰባቸውን ትተው በገመድ ወደሚወጣበት ደብረ ዳሞ ሄዱ፤ በአባ ዮሐኒ ሥር መነኮሱ፤ መጻሕፍት መገልበጥም ተማሩ። በ1248 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ደግሞ የለመዱትን አምባ ለቀው ወደዚህ ውኃ ዳር መጡ። እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1293 ድረስ፣ አልተንቀሳቀሱም። ገድላቸው በነዚያ 45 ዓመታት በጎናቸው ተጋድመው እንዳልተኙ ይተርካል።

እሳቸው ይርጉ እንጂ ደቀ መዛሙርታቸው የሚረጉ አልነበሩም። ገዳሙ ሰው የሚያከማች ሳይሆን ሰው አብስሎ የሚሸኝ ነበር። ዋነኛው ምስክር ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ከሸዋ ተነሥተው መጀመሪያ በአማራ ምድር በአባ በጸሎተ ሚካኤል ዘንድ፣ ቀጥሎ ሐይቅ ላይ፣ ቀጥሎ ደብረ ዳሞ ላይ ዓመታት አሳለፉ። እያንዳንዱ ቦታ እንደገና ጀማሪ፣ እንደገና ታዛዥ መሆንን ይጠይቅ ነበር። ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ደብረ አስቦን የመሠረቱት ወጣትነት ካለፈ በኋላ ነው። ዛሬ ሰው በዚያ ዕድሜ ሥራ ቢቀይር ዘመድ ተሰብስቦ ይመክረዋል!

በ1270 ከዛጔ ወደ ሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት ዙፋኑ ሲዞር፣ ሐይቅ በጥግ ተቀምጦ ተመልካች አልነበረም። ዙፋኑን የያዙት ይኩኖ አምላክ በዚሁ ገዳም እንደተማሩና ኢየሱስ ሞዓ እንደረዷቸው ትውፊቱ ይናገራል። የሐይቅ አበምኔቶች በቤተ መንግሥት «ዐቃቤ ሰዓት» የሚል ማዕረግ ነበራቸው፤ ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። ለዓለም ሞቶ የተነሣ ሰው የነገሥታቱን ሰዓት እንዲጠብቅ መሾሙ የሚገርም ነው። ማዕረጉ ሥልጣን ነበርና ገዳሙን ከምናኔው ይልቅ ወደ ዙፋኑ የሳበው ጊዜም ሳይኖር አይቀርም።

ሰዓት የሚጠበቅበት ሌላ ቦታም በወሎ፣ በአምባሰል ነበረ፦ ግሸን። ዛሬ መስከረም 21 ቀን ምእመናን ለበዓለ ግሸን ማርያም የሚወጡበት ይህ አምባ የነገሥታት ልጆች የሚጋዙበት ነበር። እዚያ የሕይወት ለውጥ ከታች በሚመጣ መልእክተኛ እጅ ነበር። ዘርዐ ያዕቆብ በ1434 ከመንገሣቸው በፊት ከእስረኞቹ አንዱ ነበሩ። አብዛኞቹ ግን መልእክተኛ ሳይመጣላቸው አርጅተዋል፤ ለእነሱ የተጻፈ ዜና መዋዕል የለም። መነኩሴው መርጦ የሞተውን ሞት እነሱ ሳይመርጡት ኖሩት።

በ1530ዎቹ መጀመሪያ የኢማም አህመድ ጦር ሐይቅ ደረሰ። የዘመቻው ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ እንደተረከው ወታደሮቹ ያኔ ደሴት ወደነበረው ገዳም ለመሻገር ታንኳ ማበጀት ያዙ፤ መነኮሳቱም ቤተ ክርስቲያኑ እንዳይቃጠል ሀብቱን አስረከቡ። ከቁም ነገር የሚቆጠረው የተረፈው ነው። ኢየሱስ ሞዓ በ1280 ወይም በ1281 ለገዳሙ የሰጡት፣ ሥዕላቸው ያለበት የብራና ወንጌል ዛሬም አለ፤ የተጻፈበት ዘመን ከሚታወቅ ሥዕላዊ የኢትዮጵያ ብራናዎች ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት በ1970 ባሳተሙት ጥናት የገዳሙን አበምኔቶች ከ1248 እስከ 1535 ተከታትለዋል፤ ጥናታቸው እዚያ ላይ ያበቃል፣ ገዳሙ ግን አላበቃም።

ቦታውም ራሱ ተለውጧል። ወደ ሐይቁ ወንዝ ይገባል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የውኃው ከፍታ ባለፉት መቶ ዓመታት እየወረደ መጥቶ ደሴቱን ከየብስ ጋር አገናኝቶታል። ድሮ በታንኳ ይደረስበት ወደነበረው ቦታ ዛሬ ተሳላሚ በእግሩ ይገባል። ሴቶች ግን በጥንቱ ሥርዓት መሠረት ከገዳሙ ክልል ውጭ ይቆማሉ፤ አንዳንዶቹ ቆብ የጫኑ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከደጅ የሚሳለሙ አሮጊቶች ናቸው።