ሐብሳን፦ በስማችን የተጠራች የህንድ ግዛት

ከሙምባይ ወደ ደቡብ 165 ኪሎ ሜትር ያህል የባሕሩን ዳር ይዞ የተጓዘ ሰው ሙሩድ ከምትባል አነስተኛ ከተማ ይደርሳል። ከከተማዋ ዳር፣ ባሕሩን ቁልቁል ከሚያይ ከፍታ ላይ፣ የናዋቦቹ ቤተ መንግሥት ቆሟል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ የተሠራና የግል ይዞታ ስለሆነ፣ ጎብኚው ከመንገድ ላይ አይቶት ያልፋል። የቀድሞው መኖሪያቸው ግን ባሕሩ ውስጥ ነው። ከራጃፑሪ መንደር በሸራ ጀልባ የሚሻገሩ ሰዎች የጃንጂራን ምሽግ ያገኛሉ። በውስጡ ጣሪያው የወደቀ ባለ ፎቅ ቤተ መንግሥት፣ የዛጉ መድፎችና በጨው ባሕር ተከቦ ጨው ያልነካው ኩሬ አለ።

እዚህ የገዙት ሰዎች “ሲዲ” ወይም “ሐብሺ” ይባሉ ነበር። ጃንጂራ የሚለው ስም “ጀዚራ” ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ሲሆን ደሴት ማለት ነው። እንግሊዞች በመዝገባቸው ላይ ሌላ ስምም ጽፈውለታል፦ ሐብሳን፣ የሐበሾች አገር።

ሐበሾቹ ወደ ህንድ የገቡት በአብዛኛው ተሸጠው ነው። የደካን ሱልጣኖች በወታደርነት ይገዟቸው ነበር፤ ጎበዙም እስከ አዛዥነት ይደርስ ነበር። ከሁሉ የታወቀው ማሊክ አምበር በልጅነቱ ከኢትዮጵያ ተሸጦ፣ በባግዳድ በኩል አልፎ፣ በአሕመድናጋር መንግሥት ዋናው ባለ ሥልጣን ሆነ፤ በ1626 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) እስኪሞት ድረስም የሞጉሎችን ጦር ሲመክት ኖረ። የጃንጂራ ሲዲዎች ደግሞ ኃይላቸው በመርከብ ላይ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሥልጣኑ ከአባት ወደ ልጅ አይተላለፍም፤ አለቃው ከአዛዦቹ መካከል ይመረጥ ነበር። ሺቫጂ ደጋግሞ ሞክሮ ደሴቲቱን መያዝ አቃተው። ልጁ ሳምባጂ የባሕሩን መተላለፊያ በድንጋይ ሞልቶ በእግር ለመሻገር ቢነሣም አልሆነለትም። በ1689 የሲዲው ያቁት ኻን ጦር እንግሊዞች የያዟትን ቦምቤይን ወርሮ ከአንድ ዓመት በላይ አስጨነቃት። ግዛቱ ያበቃው በ1948 ከህንድ ጋር ሲቀላቀል ነው።

ይህን ታሪክ ስንሰማ ደረታችን ይነፋል። ግን ጥቂት እንታገሥ። የሲዲ መርከቦች የባሕር ዳርቻ መንደሮችን ይዘርፉ ነበር፤ ተሸጦ የመጣ ሰው ሲሾም የግድ ርኅሩኅ አይሆንም። ደግሞም ዛሬ በካርናታካ ጫካዎች አቅራቢያ በድህነት የሚኖሩት ሲዲዎች ቤተ መንግሥት አልወረሱም። ከእነርሱም ብዙዎቹ ፖርቱጋሎች ከሞዛምቢክ አካባቢ ያመጧቸው ሰዎች ዘሮች እንጂ ከእኛ አገር የሄዱ አይደሉም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ የስማቸው ነገር ነው። ባሪያን በሽቶ፣ በአበባ ወይም በዕንቍ ስም መጥራት የዘመኑ ልማድ ነበር። “አምበር” ሽቶ ነው፤ የሰጠውም የገዛው ጌታ ነው። “ያቁት” የከበረ ድንጋይ ነው፤ እርሱን ደግሞ የሰጠው የሞጉሉ ንጉሥ አውራንግዜብ ነው፣ በማዕረግነት። አገር የያዙት፣ ምሽግ የጠበቁት ሌላ ሰው ባወጣላቸው ስም ነው። እናቶቻቸው ያወጡላቸው ስም ከብዙዎቹ ጋር ጠፍቷል።

ዛሬ ወደ ዐረብ አገር ለቤት ሥራ ከሚሄዱት እህቶቻችን ስንቶቹ ናቸው ፓስፖርታቸው ላይ ሌላ ስም የተጻፈላቸው? ዘመኑም ንግዱም አንድ አይደለም። ቃሉ ግን ያው “ሐበሻ” ነው፤ በአንዱ ቤት ሠራተኛ፣ በጃንጂራ በር ላይ ናዋብ ማለት ነው። ታሪካቸውን የምንወርስ ከሆነ ከመድፉ ጋር ሽያጩንም እንውረስ። ልጆቹን የሸጠው ገበያ ከእኛው በኩል ያለው ነበርና።