ኪኔክት የሚታዘዘው ለማን ነው?

ጥቅምት 25 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 4 ቀን 2010፣ ማይክሮሶፍት ኪኔክትን አሜሪካ ውስጥ ገበያ ላይ አዋለ። ኪኔክት ለኤክስቦክስ 360 ጌም የተሠራ፣ ያለ ጆይስቲክ በሰውነት እንቅስቃሴ ብቻ የሚያጫውት ካሜራ ነው። ዋጋው 150 ዶላር ገደማ ነበር። በዚያው ቀን ኒውዮርክ ያለው አዳፍሩት የተባለ የኤሌክትሮኒክስ ድርጅት ውድድር አወጀ፦ ካሜራውን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ድራይቨር ጽፎ ኮዱን ለሁሉም በነፃ ለሚለቅ ሰው 1,000 ዶላር።

ነገሩ ለጌም አልነበረም። ኪኔክት በዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ነጠብጣብ ክፍሉ ላይ ይረጭና እያንዳንዱ ነገር ምን ያህል እንደሚርቅ ያሰላል። ይህን የርቀት ምስል በሰከንድ 30 ጊዜ ይልካል። ሮቦት ለሚሠራ ሰው ይሄ ዓይን ማለት ነው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ሴንሰር በሺዎች ዶላር ነበር የሚሸጠው።

ማይክሮሶፍት አልተደሰተም። ምርቱ እንዲነካካ እንደማይፈልግ፣ ከሕግ አስከባሪዎችም ጋር እንደሚሠራ በቃል አቀባይ አስታወቀ። አዳፍሩት ምን አደረገ? ሽልማቱን ወደ 2,000 ከፍ አደረገው፤ ቀጥሎ ወደ 3,000። (እንዲህ ያለ እልህ ደስ ይለኛል።)

አሁን ወደ ገመዱ እንምጣ። የዩኤስቢ ዕቃ ሲሰካ መጀመሪያ ራሱን ያስተዋውቃል፤ የአምራቹን ቁጥር፣ የምርቱን ቁጥር ይናገራል። ኪቦርድና ፍላሽ የጋራ ደንብ ስላላቸው የትኛውም ኮምፒውተር ወዲያው ያውቃቸዋል። ኪኔክት ግን ሲሰካ ሦስት ዕቃ ሆኖ ይታያል፦ ካሜራ፣ ድምፅ፣ ሞተር። ማን እንደሆነ ይነግራችኋል፤ እንዴት እንደሚታዘዝ ግን አይነግራችሁም። እሱን የሚያውቀው አምራቹ ነው።

እኔ በተማርኩበት ግቢ ላብ ውስጥ እንዲህ ያለ የመለኪያ መሣሪያ ነበር። በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ነው። ሲዲው ጠፋ፤ ድራይቨሩም ከአንድ አሮጌ ዊንዶውስ ውጭ አልሠራም አለ። መሣሪያው ምንም ሳይበላሽ ላስቲኩን ለብሶ ጥግ ተቀመጠ፤ እኛም ላብ ሪፖርታችንን ከሌላ ሰው ቁጥር እየቀዳን አለፍን። ስለዚህ የኪኔክት ታሪክ ለእኔ የጌም ታሪክ ሆኖ አያውቅም።

ሊኑክስ ዩኤስቢን ማስተናገድ የጀመረው በ1999 ነው። ለማይታወቅ ዕቃ ድራይቨር መጻፍ ማለት ያኔ ከርነሉ ውስጥ፣ የሲስተሙ ልብ ውስጥ መግባት ማለት ነበር፤ እዚያ ትንሽ ስህተት ማሽኑን በሙሉ ታቆመዋለች። በኋላ ከርነሉ እያንዳንዱን የዩኤስቢ ዕቃ እንደ ፋይል ወደ ውጭ አወጣው። ሊብዩኤስቢ የተባለው ላይብረሪ ደግሞ ያን ፋይል ለተራ ፕሮግራም አመቻቸው፦ ዕቃውን በቁጥሩ ፈልግ፣ ክፈት፣ ባይት ላክ፣ ባይት ተቀበል። ፕሮግራማችሁ ቢወድቅ እሱ ብቻ ይወድቃል። የሚቀረው የፈቃድ ጉዳይ ነው፤ እሱም ዩዴቭ ላይ በምትጻፍ አንዲት መስመር ያልቃል።

ቋንቋውን ለማወቅ ግን ማዳመጥ ያስፈልጋል። አዳፍሩት በኪኔክትና በኤክስቦክስ መካከል የሚመላለሰውን ዳታ በመቅጃ መሣሪያ ቀድቶ ለሕዝብ ለቀቀው። ኪኔክት አውሮፓ የገባው ኖቬምበር 10 ነበር። በዚያው ቀን ሄክተር ማርቲን የተባለ ስፔናዊ ፕሮግራመር ሊብዩኤስቢን ተጠቅሞ ሊኑክስ ላይ የቀለሙንም የርቀቱንም ምስል አሳየ። ስድስት ቀን ብቻ!

ሥራው ግን ቀላል አይምሰላችሁ። ትእዛዝ የሚሄደው በአንድ መንገድ ነው፤ ምስሉ የሚመጣው በሌላ፣ ጊዜ በሚጠብቅ መንገድ። በዚህ መንገድ የጠፋ ዳታ ድጋሚ አይላክም፤ ፕሮግራሙ ቀዳዳውን ራሱ መቻል አለበት። የርቀት ምስሉ 640 በ480 ነጥብ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ 11 ቢት። ባይት ደግሞ 8 ቢት። ስለዚህ 8 ነጥቦች 11 ባይት ውስጥ ተጠቅጥቀው ይመጣሉ፤ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ካላወቃችሁ ስክሪኑ ላይ የምታዩት ዝንጉርጉር ብቻ ነው።

ማርቲን 3,000 ዶላሩን ወሰደ። ብዙም ሳይቆይ ኪኔክት የተገጠመላቸው ሮቦቶች መታየት ጀመሩ። በዚያው ወር የማይክሮሶፍቱ አሌክስ ኪፕማን አሜሪካ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ ኪኔክት አልተጠለፈም፣ የዩኤስቢ መስመሩን ሆን ብለን ነው ክፍት የተውነው አለ። ይሄ ከመጀመሪያው ቀን መግለጫ ጋር እንዴት እንደሚታረቅ እነሱ ያውቃሉ። በ2011 ማይክሮሶፍት የራሱን የፕሮግራመሮች ኪት ለቀቀ፤ ለዊንዶውስ ብቻ።

በዚያው ዓመት ሌላ ነገርም ወጣ። ጆኒ ቹንግ ሊ ማይክሮሶፍት ውስጥ ኪኔክት ላይ የሠራ መሐንዲስ ነው። ወደ ጉግል ከሄደ በኋላ፣ ውድድሩን ለአዳፍሩት ሐሳብ ያቀረበውም ገንዘቡን የሰጠውም እሱ ራሱ እንደነበር ተናገረ።